ከእጇ የበሉት

«ስንት ቀሩ?» አለች እናትየዋ ኩሽና ውስጥ ሆና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ታናሽ ልጇ «አምስት» ብሎ መለሰላት፤ ከዚያ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ተሰማ። መነጽር ሠሪዋ ይህን የሰማችው ፊቷን ታጥባ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በኮሪደሩ ስታልፍ ነው። የኩሽናው በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁለቱንም አላየቻቸውም፤ ግን ባለችበት ቆመች። እናቷ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እሷ ክፍሏ ውስጥ የምታረባቸውን ዓሦች ቆጥራ አታውቅም። ደስ ሲላት «የመስታወት ልጆችሽ» ትላቸዋለች፤ የመብራት ክፍያ የመጣ ዕለት ደግሞ «እነዚያ ቀበጦች»። የትኛው ወንድ፣ የትኛዋ ሴት እንደሆነች እንኳ ጠይቃ አታውቅም። ዛሬ ግን፣ ገና ሻይ ሳይቀዳ፣ ቁጥራቸውን ጠየቀች። ሐዘኔ ገብቷት ነው ብላ አሰበች ልጅቷ፤ ለካ ሰው ሳይናገርም አብሮ ያዝናል። ፎጣውን ፊቷ ላይ ጫን አድርጋ ትንሽ ቆየችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ክፍሉ በቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተሻለው ነው። ሁለት መስኮት አለው፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፤ በሩም በደንብ ይዘጋል። የእናቷ ክፍል አልጋና ቁም ሣጥን ካስገባ በኋላ ለሰው የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው፤ ወንድሟ ደግሞ ሳሎን ያለው ረጅም ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። በእሷ ክፍል በአንዱ ግድግዳ በኩል አልጋዋ፣ በሌላው ግድግዳ በኩል አልጋዋን የሚያክል አኳሪየም በብረት እግር ቆሟል። ውስጡ እስከ ግማሹ ድረስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ዋሻና ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። ዓሦቹ የአፍሪካ ሲክሊዶች ናቸው፤ ዘራቸው ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ድንጋያማ ዳርቻ ነው። እንደ ሎሚ ቢጫ የሆኑ አሉ፤ ሰማያዊ ሆነው ጥቁር መስመር የተሰመረባቸው አሉ፤ ቡናማ ነጠብጣብ ያለባት አንዲት ሴትም አለች። መልካቸው አበባ ይምሰል እንጂ ጠባያቸው የጎረቤት ድንበር እንደገፋ ሰው ነው። እያንዳንዱ ወንድ የራሱ ዋሻ አለው፤ በዚያ ዝር ያለውን ክንፉን ይነጨዋል። ጥቂት ሆነው ሲኖሩ አንዱ ጉልበተኛ ሌላውን አሳድዶ ይጨርሰዋል፤ በርከት ሲሉ ግን ማንን እንደሚያሳድድ ግራ ይገባውና ይተወዋል። «ልክ እንደ መሥሪያ ቤት» ትል ነበር መነጽር ሠሪዋ ለሚጠይቃት ሁሉ፣ እየሳቀች። ያን የምትለው አሥራ አራት በነበሩ ጊዜ ነው።

ዛሬ ጠዋት የሞተው ትልቁ ቢጫ ወንድ ነው። ከውሃ ማጣሪያው ሥር በጎኑ ተኝቶ አገኘችው፤ ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ ቆሞ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው የሄዱት። በመጀመሪያ ምግብ ይተዋሉ፤ ቀጥሎ ወደ ላይ ወጥተው አንድ ጥግ ይይዛሉ፤ ከዚያ ሆዳቸው ያብጣል። ውሃው ይሆናል ብላ በየሳምንቱ የምትቀይረውን ውሃ በየሁለት ቀኑ መቀየር ጀመረች፤ ከሥራ በኋላ ባልዲ ስትጎትት ወገቧ ለሁለት የሚከፈል እስኪመስላት። ድንጋዮቹን አውጥታ በፈላ ውሃ አጠበች። ሙቀቱን ጠረጠረች፤ ያኔ ወንድሟ ሳትጠይቀው አዲስ ቴርሞሜትር ገዝቶ መጣና ራሱ ለጠፈላት። ዓሣ በሞተ ቁጥር ፌስታል ይዞ የሚመጣውም፣ በመረብ አውጥቶ ግቢው ጥግ የሚቀብረውም እሱ ነበር። የሴራሚክ መሸጫ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ ስለሚውል ቤት ሲገባ ቃል አይወጣውም፤ ግን በዚህ ሐዘኗ አልተለያትም።

ዛሬም ፌስታሉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «አይዞሽ እታለም» አለ።

ይህን አትቅበረው አለችው። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በምሳ ዕቃዋ ውስጥ በረዶ አድርጋበት፣ ዓሣውን ለሸጠላት ሰው ልታሳየው እንደሆነ ነገረችው። ወንድሟ የሞተ ሞቷል፣ ሰውየውስ ምን ያደርግልሻል፣ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንዴት ተሸክመሽው ትውያለሽ ብሎ ተከራከራት። ያን ያህል ሲከራከራት ግር አላት፤ ግን የሥራ ሰዓት እየደረሰ ስለነበር ልብ ብላ አላሰበችበትም። ለቀሩት አምስቱ የጠዋት ምግባቸውን ሰጠች። ምግቡ ከባሕር ውስጥ አረንጓዴ ዕፅ የተሠራ ደቃቅ ቅጠል መሰል ነገር ነው፤ በትንሽ ቆርቆሮ ይሸጣል፤ ዋጋው በዓመት ውስጥ እጥፍ ሆኗል። በሁለት ጣት ቆንጠር አድርጎ መበተን፣ ወዲያው ጨርሰው ካልበሉት የተረፈውን ማውጣት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አለመስጠት። አንዳንዴ ሰላጣ ፈላ አድርጋ ከድንጋይ ጋር ታስርላቸዋለች። እነዚህ ዓሦች በተፈጥሯቸው ድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ እየፋቁ የሚኖሩ ናቸው፤ አንጀታቸው ረጅም ነው፤ ሥጋና ስብ ከገባበት ሳይፈጭ እዚያው ይበሰብሳል። ይህንን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት እናቷ የተረፈ ሥጋ ልትጥልላቸው እጇን ስትዘረጋ መነጽር ሠሪዋ በድንጋጤ እጇን ይዛ አስቆመቻት፤ ማታ ገበታ ላይ ደግሞ ለሁለቱም የአንጀቱን ነገር በደንብ አስረዳቻቸው፤ በናፕኪን ላይ ሥዕል ሁሉ ሥላላቸው ነበር። ወንድሟ ያን ቀን «እኛስ ሥጋ አጥተን ነው የማንሞተው» ብሎ አስቋቸዋል።

ሥራ ቦታዋ መነጽር ቤቱ ጀርባ ያለች መስኮት አልባ ክፍል ናት። ከፊት ለፊት ባለ ሱቁ ከደንበኛ ጋር ስለ ፍሬም ውበት ያወራል፤ ከኋላ እሷ ሌንሱን በመሞረጃው ማሽን እየሞረደች በፍሬሙ ልክ ታወጣዋለች። ውሃ እየተንጠባጠበ የመሞረጃው ድንጋይ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ ሌላውን ዓለም ይዘጋል፤ ለዚያም ነው ሥራዋን የምትወደው። ዛሬ ግን አንድ ሌንስ ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀባት። ባለ ሱቁ ገባ አለና ስንጥቁን አይቶ፣ ቀጥሎ ፊቷን አይቶ፣ የተናደደ ለመምሰል ሞክሮ አልተሳካለትም። «ዓሣ ሞተ ደግሞ?» አላት። አዎ ስትለው ከምሳ ሰዓት ቀደም ብላ እንድትወጣ ፈቀደላት። የምሳ ዕቃውን ስትይዝ ምን አዘጋጅተሽ መጣሽ ብሎ ክዳኑን ሊከፍት ነበር፤ እጁን ያዘችው።

ዓሣ ሻጩ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። እጅጌው ሁልጊዜ እስከ ክርኑ እርጥብ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ኩሬው» ይለዋል፤ ሚስቱም ጭምር። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት በመስታወት ላይ ተደርድሮ፣ የፓምፑ አረፋ ሲንዶቀዶቅ የሚፈላ ጀበና ሁሉ የተሰበሰበበት ይመስላል። መነጽር ሠሪዋን ሲያይ የዓይን ሐኪሟ መጣች ብሎ ወንበር ሳበላት። ዓሣውን ግን ከጨርቁ ሲፈታው ቀልዱን አቆመ። በሚዛኑ አጠገብ ሰሌዳ ላይ አጋደመው፤ በምላጭ ሆዱን በቀስታ ከፈተው። ከዚያ አንጀቱን በምላጩ ጫፍ ገለጥ አደረገ።

«ሥጋ አብልተሽዋል» አለ በመጨረሻ።

«አላበላሁም ጋሼ።»

«እህቴ፣ ሲጋራ አልነካም እያለ ኪሱ ውስጥ ክብሪት የሚንኳኳበትን ሰው አትምሰይኝ። እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ስንቴ ነግሬሻለሁ፤ አንቺ ነሽ ለሌላው ደንበኛዬ የምትነግሪልኝ።»

እሷ ወደ ሰሌዳው ቀረበች። ከቦርሳዋ የሥራዋን ማጉያ መነጽር አውጥታ ዓይኗ ላይ ሰካችና ጎንበስ አለች። የተነፋው አንጀት ውስጥ ቀላ ያለ ክር መሳይ ነገር አየች፤ ክር በክር ላይ ተጣብቆ። በመካከሉ ነጭ ነገር እንደ ሻማ ረግቶ ነበር። ስብ ነው። በሰው ሆድ ሙቀት የሚቀልጥ ስብ በዓሣ ሆድ ውስጥ አይቀልጥም፤ ይህንን ኩሬው ራሱ ነው ያስተማራት። ሥጋው በደንብ የተከተፈ ነው። በቢላ፣ በትዕግሥት፣ ለጥርስ አልባ ሕፃን እንደሚከተፈው ደቅቆ የተከተፈ። ማጉያውን ከዓይኗ አወረደችና እንደገና አደረገችው፤ ያው ነው።

«እኔ እስከማውቀው» አለ ኩሬው አሁን በለሰለሰ ድምፅ «ዓሣ ሥጋ ቤት ሄዶ ወረፋ አይዝም።»

ከዚያ ፊቷን አየና ቤት ውስጥ እንግዳ እንዳለ፣ የሚመላለስ ልጅ እንዳለ ጠየቃት። ብዙ ሰው ከፍቅር የተነሣ ነው የሚያበላቸው አላት፤ እነዚህ ጉዶች ሰው በቀረበ ቁጥር ዓመት ሙሉ ያልበሉ መስለው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ርኅሩኅ ሰው አንጀቱ አይችልም። መነጽር ሠሪዋ ይህን ነገር እንደ ገመድ ያዘችው። የወንድሟ እጮኛ በሳምንት አንድ ቀን ትመጣለች፤ ደግ ልጅ ናት፤ ስለ ዓሣ የምታውቀው የለም። እሷ ትሆናለች። ሳታውቅ ነው። ብታውቅ አታደርገውም። ኩሬው የቀሩት ለተወሰነ ቀን ምንም እንዳይቀምሱ፣ ምናልባት የሚተርፍ ይኖራል ብሎ መከራት። ነጠብጣቧ ሴት እንደ ዘሯ ልማድ አፏ ውስጥ እንቁላል ይዛ ሁለተኛ ሳምንቷ መሆኑን ስትነግረው ደግሞ ስለ እሷ አትጨነቂ አለ፤ ልጆቿ ተፈልፍለው እስኪወጡ አንዳች ነገር አትቀምስም፣ ማንም ምንም ቢሰጣት።

ለባለ ሱቁ ደውላ ለቀረው ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ለወንድሟ እጮኛ የምትለውን አዘጋጀች። ልታስደነግጣት አልፈለገችም፤ ገና ወደ ቤት የምትገባ ሰው ናት። ሳቅ ብላ ትነግራታለች፤ የአንጀቱን ሥዕል ትሥልላታለች። እንዲያውም አብረው እንዲመግቧቸው ትጋብዛታለች። ይህን ስታስብ ትንሽ ቀለል አላት። ታክሲው ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ቤት ኪራይ ያወሩ ነበር፤ የአንድ ክፍል ኪራይ የአንድ ሰው ደመወዝ ግማሹን እንደሚውጥ፣ የተጋቡ ልጆች በየወላጆቻቸው ቤት ተለያይተው እንደሚኖሩ። ሰማቻቸው፤ ግን ከራሷ ጋር አላያያዘችውም።

ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። የውጭውን በር ከፍታ ስትገባ ጫማዋን እንደ ልማዷ ደጃፉ ላይ አወለቀች፤ ለዚያም ነው ያልተሰማችው። የክፍሏ በር ክፍት ነው። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ አኳሪየሙ ፊት ቆማለች፤ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ መነጽር ሠሪዋ ራሷ ሞርዳ የሠራችላትን ወፍራም መነጽር አድርጋ፣ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብላ። አጠገቧ መደርደሪያው ላይ ትንሽ የስኒ ማስቀመጫ አለች። ከእሷ ላይ የተከተፈ ሥጋ በሦስት ጣቷ ቆንጠር ታደርጋለች፤ ውሃው ላይ ታሸውና ትለቀዋለች። ዓሦቹ እጇን ከበውታል፤ አንዱ ሰማያዊ ጣቷን ይነካል። «ብሉ» ትላቸዋለች። «ቀስ እያላችሁ፤ ይበቃል ለሁሉም። ብሉ የኔ ሆዶች።» ድምጿ መነጽር ሠሪዋ ልጅ ሳለች ታምማ ስትተኛ ማንኪያ ይዛ አልጋዋ ጫፍ ላይ የምትቀመጠው ሴት ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ሆኖ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ቀላል በሆነ ነበር። ነጠብጣቧ ሴት ብቻ ከድንጋይ ኋላ አገጯን አሳብጣ ቆማለች፤ ወደ እጇ አልመጣችም።

ባለፉት ሳምንታት እናቷ በበሩ ባለፈች ቁጥር ዓሦቹ ተግተልትለው ወደ መስታወቱ ይመጡ ነበር። መነጽር ሠሪዋ ይህንን አይታ አንድ ቀን ራት ላይ «እማ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺን ወደዱሽ» ብላ ቀልዳባታለች። ወንድሟ ያን ጊዜ ውሃ ሊጠጣ ተነሣ። አሁን ነው ትዝ ያላት።

«እማ» አለች።

እናትየዋ አልደነገጠችም። እጇን ከውሃው አወጣች፤ በቀሚሷ ጠረገችው፤ የስኒ ማስቀመጫዋን በሌላ እጇ ሸፈነች፤ መሸፈኗ ትርጉም እንደሌለው ሲገባት ደግሞ እጇን አነሣች። ከዚያ የልጇ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መነጽር ሠሪዋ እንደ ቆመች ናት። አንዳንዴ ሰው መልሱን እያወቀ ሌላ መልስ ይኖር እንደሆነ ጊዜ ይሰጣል፤ እሷም ሰጠች። ሥጋ እንደሚገድላቸው ረስተሽ ነው አይደል እማ ብላ ጠየቀቻት። እናቷ እንደረሳች ብትነግራት ታምናት ነበር፤ ወይም የምታምን ትመስል ነበር። እናቷ ግን በሕይወቷ ለልጆቿ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት፤ አሁንም አልቻለችበትም።

«አልረሳሁም» አለች። «አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽን? አስርቤ ልገድላቸው አስቤ ነበር፤ ልቤ እምቢ አለኝ። የተራበ ነገር ማየት አልችልም። ቢያንስ ጠግበው፣ ከእጄ በልተው ይሂዱ አልኩ።»

መነጽር ሠሪዋ ግድግዳውን ተደገፈች። የቀሩት ዓሦች አሁንም ወደ እናቷ ፊታቸውን አዙረው አፋቸውን ይከፍታሉ። ስለ ወንድሟ ጠየቀች። እናቷ የአልጋ ልብሱን ክር በጣቷ እየጎተተች እሱ እጁን አላስገባበትም፣ አንድም ቀን አላበላቸውም አለች። የጠየቅኩሽ ያውቃል ወይ ነው አለቻት ልጅቷ። እናትየዋ የአልጋ ልብሱን ክር ለቀቀችው።

«ይሄ ጉልበቴ ሥጋ ቤት ያደርሰኛል እንዴ?»

 ውጭ አንድ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ሲጮህ ይሰማል። ወንድሟ በየጊዜው ከሥራ ሲመለስ የሚይዛት ትንሽ የወረቀት ጥቅል ታየቻት፤ ለእማ ነው፣ ሐኪሙ ሥጋ ብይ ብሏታል ይል ነበር። ፌስታል ይዞ በሩ ላይ ሲቆም ታያት። ቴርሞሜትሩን ሲለጥፍ፣ ጎንበስ ብሎ ቀጥ ማለቱን በአንድ ዓይኑ ሲያይ ታያት። ለምን አልጠየቃችሁኝም አለች በመጨረሻ፤ ድምጿ ከተለመደው አልተለየም። እናቷ ጠይቀንሽ ነበር አለቻት። ክረምት መግቢያ ላይ፣ እጮኛይቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ዕለት ማታ፣ ወንድሟ ሳግባ ሚስቴን የት ላስተኛት፣ የዓሣው ሣጥን ላይ ነው ብሎ ነበር። መነጽር ሠሪዋ ምን እንዳለች አሁን አስታወሰች። እየሳቀች ነበር። እነሱ ሲያልቁ ክፍሉ ያንተ ነው አለችው። ሁሉም ሳቁ። እሷ ቀልድ ነው ያለችው፤ ግን በቀልዱ ሥር እምቢታ እንደነበረበት ራሷም ታውቃለች። እነሱም አውቀዋል። በግልጽ ጠይቀው ግልጽ እምቢታ ከሚሰሙ፣ ቀልዱን እንደ ውል ያዙት።

እናቷ ሁለታችሁም የኔ ናችሁ እያለች ማስረዳት ጀመረች። የልጅቷ ቤተሰቦች ክፍል ሳይኖር ሠርግ የለም ብለዋል፤ ወንድምሽ ዕድሜው እየሄደ ነው፤ ኪራዩን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አንቺ ደግሞ ከእኔ ጋር ትተኛለሽ፣ ምን ይጎድልሻል፤ ከልጅና ከዓሣ አማርጡኝ ብትሉኝ ምን ልበል። ከምትለው ውስጥ ውሸት የሆነ አልነበረም። መነጽር ሠሪዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት፤ ከዚያ ወደ ኩሽና ሄዳ ሦስት ባልዲ አመጣች።

እነዚህን ዓሦች ድንጋዩ ሳይወጣ በመረብ ይዛለሁ ማለት ዘበት ነው፤ ከቀዳዳ ቀዳዳ ሲሸሹ ሰውን ያደክማሉ። ድንጋዩን ሁሉ አንድ በአንድ ማውጣት ነው። ወለሉ ላይ ፎጣ ዘርግታ እጅጌዋን ሰብስባ ጀመረች። እናቷ ልርዳሽ አላለችም፤ አልጋው ላይም አልቀረችም፤ ቀስ ብላ ወጥታ ወደ ራሷ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ ግማሹ ድንጋይ ወጥቶ፣ ውሃው ደፍርሶ፣ እህቱ እስከ ብብቷ ርሳ አገኛት። ጫማው ላይ የሴራሚክ ነጭ አቧራ አለ። ፊቷን አየ፤ ባልዲውን አየ፤ ማንም ምንም አልነገረውም፤ ሁሉም ገባው።

«እታለም…» ብሎ ቀረ።

«ባልዲውን ያዝ» አለችው።

ያዘላት። ለተወሰነ ጊዜ እንደ ድሮው አብረው ሠሩ፤ እሷ በመረብ ስታባርር እሱ ከወዲያ በኩል በእጁ መንገድ ይዘጋል፤ ሰማያዊዎቹን ያዙ፤ ቢጫዋን ያዙ። ነጠብጣቧን ስትይዝ እንዳትደነግጥና እንቁላሎቿን እንዳትተፋ መረቡን ከውሃ ሳታወጣ በሳህን ጨልፋ ወሰደቻት። እሱ ትንፋሹን ይዞ ሲያይ ነበር። ውሃ ውስጥ የሰመጠ እጁን እያየ ዓሦቹን ጠልቼ አይደለም አለ። ክፍሉን ነው የፈለግኩት። ብትጠይቀኝስ አለችው። ትሰጪኝ ነበር ብሎ መልሶ ጠየቃት። መነጽር ሠሪዋ በሐቅ አሰበችበት፤ አላውቅም አለችው። ምናልባት ትጨቃጨቀው ነበር፤ ምናልባት ሳምንት ታኮርፍ ነበር፤ ከዚያ ግን አንድ ቀን ድንጋዩን እንዲህ አውጥታ ትሰጠው ነበር ይሆናል። አሁን ያ ሁሉ የማይታወቅ ሆኖ ቀረ።

«እነሱን ስትቀብር አይዞሽ ስትለኝ፣ በውስጥህ ምን ትል ነበር?»

ወንድሟ እጁን ከውሃው አወጣ። «እንደዛው» አለ። «አይዞሽ ነበር የምለው። አዝኜ ነው እታለም። ሐዘኑ የውሸት አልነበረም።»

እውነቱን እንደሆነ አወቀች፤ ይህ ነው አንጀቷን የቆረጠው። የውሸት ሐዘን ቢሆን ኖሮ ሰውየውን ከነሐዘኑ ትጥለው ነበር። ይህን ግን የት ትጣለው? እያዘነ ሥጋውን ገዝቷል፤ እያዘነ ቀብሯል። ነገ እሷ ሥራ ስትሄድ ቤቱ ውስጥ የምትውለው እናቷ ናት። በሩን ብትቆልፍ ቁልፉ የእናቷ ቤት ቁልፍ ነው። ብትለምናቸው ቃል ይገቡላታል፤ እሷም ሌንስ ስትሞርድ ቀኑን ሙሉ የስኒ ማስቀመጫዋን ስታይ ትውላለች። ዓሦቹን ለማዳን ከዚህ ቤት ማውጣት አለባት፤ ካወጣቻቸው ደግሞ እናቷና ወንድሟ የፈለጉት ሆነ። ሁለቱን አንድ ላይ አስባ ሌላ ቀዳዳ ፈለገች፤ አላገኘችም።

ወንድሟ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ላድርስሽ አለ። አልፈለገችም። ታክሲ ተኮናትራ ክዳን ያለውን ባልዲ ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች፤ በየጉድጓዱ ውሃው ሲናወጥ በሁለት እጇ ታቅፈዋለች። ኩሬው ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረሰች። አምስቱን ተቀበላት፤ ነጠብጣቧን ለብቻዋ ትንሽ መስታወት ውስጥ አደረጋት፤ ሌሎቹን አንድ በአንድ ሆዳቸውን አይቶ ስለ ሁለቱ ራሱን ነቀነቀ። ማን ነው እንዲህ ያደረገው ብሎ ጠየቀ። የቤት ሰው ነው አለችው። ኩሬው ለሁሉም ነገር ቀልድ ያለው ሰው ነው፤ በዚህ ግን አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው፤ ወንበር ሳበላትና ውሃ ሰጣት። በፈለግሽ ሰዓት መጥተሽ ታያቸዋለሽ፣ ስጦታ አይደሉም፣ ያንቺው ናቸው አላት። የውሃውን ብርጭቆ ጨብጣ ተቀመጠች፤ አልጠጣችውም።

ስትመለስ መሸትሸት ብሏል። አኳሪየሙ ባዶ ነው። ወንድሟ ውሃውን በጎማ ወደ ግቢው አውጥቶ፣ መስታወቱን በጨርቅ ጠርጎ፣ ድንጋዮቹን ግድግዳ ሥር ደርድሯል። ሁሉን በደንብ ነው የሠራው። ልብሶቿ ክፍሏ ውስጥ የሉም። እናቷ የራሷን ቁም ሣጥን ግማሹን አራግፋ፣ የልጇን ልብስ አጣጥፋ በቀለም በቀለሙ ደርድራዋለች። በእናቷ አልጋ ላይ ሁለት ትራስ ጎን ለጎን ተቀምጧል። «በበሩ በኩል አድርጌልሻለሁ» አለች እናቷ ቀና ብላ ሳታያት፤ «ማልደሽ ስለምትነሺ።» ሁሉም በፍቅር የታሰበ ነገር ነው። ልብሷ የታጠፈበት አጣጣፍ እሷ የምትወደው አጣጣፍ ነው።

መነጽር ሠሪዋ በበሩ በኩል ያለውን ትራስ አነሣች። ወደ ሳሎን ሄደች። ወንድሟ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስትመጣ ተነሣ። ከዛሬ ጀምሮ ክፍሉ ያንተ ነው፣ ብርድ ልብስህን ውሰድ አለችው። እስከ ሠርጉ እንኳ ገና ብዙ ጊዜ አለ ብሎ ሊጀምር ሞከረ። «ያንተ ነው» አለችው ደግማ፣ ሳትቆጣ፤ እሱም ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ኮሪደሩ መሐል ጥቂት ቆሞ ገባ። ሶፋው የሰው ቅርጽ ይዟል፤ የራሱን ጉድጓድ አበጅቷል። ሳሎኑ የቤቱ መተላለፊያ ነው፤ ወደ ኩሽና የሚሄድ፣ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ሁሉ እዚህ በኩል ነው የሚያልፈው። አንሶላዋን ዘረጋች፤ ትራሱን አስቀመጠች፤ ጫማዋን ሶፋው ሥር ከተተች።

ከእናቷ ክፍል ድምፅ መጣ። «ራት በልተሻል?»

«በልቻለሁ» አለች። ከጠዋት ጀምሮ እህል የሚባል ነገር አልቀመሰችም፤ የምሳ ዕቃዋ ውስጥ የነበረው ዓሣ ነው።

እናቷ «በልቻለሁ» የሚልን ሰው በአንድ ጊዜ አምና አታውቅም። እንግዳም ይሁን፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢም ይሁን፣ የሰፈር ልጅም ይሁን፣ ትለምናለች፤ ትቆጣለች፤ ትምላለች፤ መጨረሻ ላይ ሳህኑን ይዛ ራሷ ትመጣለች። በዚህ ቤት በልቻለሁ ብሎ ያመለጠ ሰው የለም። መነጽር ሠሪዋ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች፤ ትራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። የእናቷ አልጋ ሲንቋቋ ሰማች። ከዚያ በበሩ ሥር የሚታየው ብርሃን ጠፋ።